ቁጥር 1፦ ጫፉ የተቆረጠው የጀርመን መንገድ

ስለ ጀርመን መንገድ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ አውቶባን ነው። ብዙ ቦታ ላይ የፍጥነት ወሰን ስለሌለው፣ መኪናው እንደ ጥይት ስለሚተኮስበት። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሌላ መንገድ ነው። ቢጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም «1» ተብሎ የተጻፈበት መንገድ። ጀርመኖች «ቤ አይንስ» ይሉታል።

ይህ መንገድ በምዕራብ ከኔዘርላንድስ ድንበር፣ አኸን ከምትባለው ከተማ ይነሳል። በምሥራቅ ኦደር ወንዝ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከወንዙ ማዶ ፖላንድ ነው። ድሮ ግን እዚያ አያበቃም ነበር። ወንዙን ተሻግሮ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ እስከ ሊቱዌኒያ ድንበር ድረስ ይዘልቅ ነበር። ጫፉ የተቆረጠው 1945 ላይ ነው። መቆረጡ የተወሰነበት ቤት ደግሞ ከዚሁ መንገድ ብዙም አይርቅም። ወደ እሱ እንመጣለን። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን የመንገዱን ዓይነት እንለይ። ጀርመን ውስጥ የፌደራሉ መንግሥት ንብረት የሆኑ መንገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አውቶባን ነው። ሰሌዳው ሰማያዊ ነው። የትራፊክ መብራት የለውም፣ እግረኛና ብስክሌት አይገባበትም። ርዝመቱ በድምሩ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው «ቡንደስሽትራሰ» የሚባለው ነው፤ ቃሉ የፌደራል መንገድ ማለት ነው። ይሄኛው 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማ መሃል ይገባል። በዳቦ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልፋል። ገጠር ሲደርስ ትራክተር ከፊታችሁ ገብቶ ያዘግማል። ፍጥነቱ ከተማ ውስጥ 50፣ ከከተማ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የቡንደስሽትራሰ ባለቤት ፌደራሉ ነው፤ የሚያስተዳድሩትና የሚጠግኑት ግን ክፍላተ አገሩ ናቸው። ታዲያ ከአንድ የፌደራል መንገድ ጎን ለጎን አውቶባን ከተሠራ፣ የድሮው መንገድ ለሩቅ ጉዞ አያስፈልግም ይባልና ማዕረጉ ይወርዳል። ለክፍለ አገሩ ወይም ለከተማው ይሰጣል። ቁጥሩም ከሰሌዳው ላይ ይነሳል። ቁጥር 1ን ካርታ ላይ በጣት ስትከተሉት አንዳንድ ቦታ ድንገት የሚጠፋባችሁ ለዚህ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ብቅ ይላል። መንገዱ አልጠፋም፤ የጠፋው ስሙ ነው።

ከቁጥሩ በፊት የነበረው መንገድ

ቁጥሩ አዲስ ነው፣ መንገዱ ግን ጥንታዊ ነው። በተለይ ከዶርትሙንድ እስከ ፓደርቦርን ያለው ክፍል። ይህ ክፍል በመካከለኛው ዘመን «ሄልቬግ» ይባል የነበረውን የንግድ መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። ሄልቬግ ከራይን ወንዝ ተነስቶ በኤሰን፣ በዶርትሙንድ፣ በኡናና በዞስት አድርጎ ፓደርቦርን ይገባ ነበር። ሁልጊዜ ክፍት መሆን ነበረበት። ስፋቱም ፈረሰኛ ጦሩን አግድም ይዞ የሚያልፍበት ያህል መሆን አለበት ይባል ነበር።

በዚህ መንገድ ምን ይጓጓዝ ነበር? አንዱ ትልቁ ነገር ጨው ነው። ቬርል፣ ዛሰንዶርፍ፣ ዛልትስኮተን፤ እነዚህ ሁሉ ከምንጭ ውሃ ጨው እያፈሉ የሚያወጡ ከተሞች ነበሩ። የዛልትስኮተን ስም ራሱ «ዛልትስ» ብሎ ይጀምራል፤ ጨው ማለት ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ሥጋና ዓሣ ማቆያው በዋናነት ጨው እንደነበረ አስቡት። ጨው ያለው ከተማ ሀብታም ነው። ወደ ጨው የሚወስድ መንገድም አይዘጋም።

ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ንጉሥም ሄዶበታል። ታላቁ ካርል (ብዙዎቻችን ሻርለማኝ በሚለው ስሙ የምናውቀው) ከሳክሶኖች ጋር ባደረገው ረጅም ጦርነት ሠራዊቱን ያንቀሳቀሰው በዚህ አቅጣጫ ነው። 799 ላይ ሮም ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ ሦስተኛ መጠጊያ ፍለጋ ወደ ካርል የመጡት ፓደርቦርን ድረስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የገና ዕለት ሮም ላይ ዘውድ ጫኑለት። ካርል 814 ላይ ያረፈውና የተቀበረው ደግሞ አኸን ነው፤ ቁጥር 1 ዛሬ የሚጀምርባት ከተማ። የንጉሡን መቃብርና ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር የተገናኘበትን ከተማ የሚያያይዝ አንድ የመንገድ ቁጥር አለ ማለት ነው። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ፕሩሲያ መንገድ ለምን ፈለገች?

ጥንታዊው መንገድ አፈር ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ «ሾሴ» የሚባል አዲስ አሠራር ከፈረንሳይ መጣ። ሾሴ ማለት መሠረቱ በድንጋይ የተደለደለ፣ ላዩ በጠጠር የተጠቀጠቀ፣ ውሃው እንዲወርድ መሃሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ቦይ የተቆፈረለት መንገድ ነው። ዳር ዳሩን ዛፍ ይተከልበታል። ፕሩሲያ (መዲናዋ በርሊን የነበረችው የያኔዋ የጀርመን ንጉሣዊ መንግሥት) መጀመሪያ ከሠራቻቸው ሾሴዎች አንዱ ከበርሊን ፖትስዳም ያለው ነው፤ በ1790ዎቹ መጀመሪያ፣ በንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሁለተኛ ዘመን። ንጉሡ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለስ ስለነበር ምርጫው አይገርምም። ያ መንገድ ዛሬ የቁጥር 1 አካል ነው።

ከ1815ቱ የቪየና ጉባኤ በኋላ ነገሩ ሰፋ። ፕሩሲያ የራይን አካባቢን አገኘች፤ አኸንም የሷ ሆነች። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኮኒግስበርግ ነበረች፣ በባልቲክ ባሕር አጠገብ። ችግሩ ግዛቷ አንድ ላይ የተያያዘ አልነበረም። መሃል ላይ ሃኖቨርና ብራውንሽቫይግ የሚባሉ የሌላ ሰው አገሮች ነበሩ። እንዲህ ተበጣጥሶ የተዘረጋ አገር ፖስታውን፣ ወታደሩንና ግብር ሰብሳቢውን የሚያመላልስበት ጥሩ መንገድ ከሌለው አገር ሆኖ መቀጠል ይከብደዋል። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሾሴው ወደ ምዕራብም ወደ ምሥራቅም ተዘረጋ።

ቁጥሩ የመጣው በመኪና ዘመን ነው። 1932 ላይ የሩቅ ጉዞ መንገዶች ቁጥር ተሰጣቸው። ከአኸን ተነስቶ በበርሊንና በኮኒግስበርግ አድርጎ አይድትኩነን እስከምትባል የድንበር ከተማ የሚሄደው መንገድ 1 ቁጥርን አገኘ። 1934 ላይ ስሙ «ራይክስሽትራሰ 1» ሆነ። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። 1932 ላይ ይህ መንገድ ሙሉ በሙሉ ጀርመን ውስጥ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ፖላንድ ወደ ባሕር የምትወጣበት መሬት አግኝታ ነበር። «የፖላንድ ኮሪደር» ይባል ነበር። ኮኒግስበርግ ያለችበት ምሥራቅ ፕሩሲያ ከዋናው ጀርመን ተነጥላ ቀረች። ቁጥር 1 መሃል ላይ የሌላ አገር መሬት ያቋርጥ ነበር፤ ተጓዡም የፖላንድን ኬላ ማለፍ ነበረበት። እንደ እኔ ግምት አንደኛው ቁጥር ለዚህ መንገድ መሰጠቱ የመንገድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የተቆረጠውን ነገር አልተቆረጠም ማለትም ነበረበት።

ነገሩ በቁጥር አላበቃም። 1938 መጨረሻ ላይ የሂትለር መንግሥት ዳንዚግ ከተማ ትሰጠን፣ በኮሪደሩ ውስጥም የፖላንድ ሕግ የማይነካው አውቶባንና የባቡር መስመር እንሥራ ብሎ ጠየቀ። ፖላንድ እንቢ አለች። መስከረም 1 ቀን 1939 ጎህ ሲቀድ ጦርነቱ ተጀመረ። በዚያው ጠዋት የፖላንድ መሐንዲሶች ቼቭ ከተማ አጠገብ ያለውን የቪስቱላ ድልድይ ራሳቸው አፈረሱት። ጀርመኖች እንዳለ እንዳይረከቡት ነው።

ዛሬ ብትነዱበት

ወደ ምዕራቡ እንመለስ። ከኤሰን እስከ ዶርትሙንድ ያለው የሩር አካባቢ ነው፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር። በ1920ዎቹ የአካባቢው ከተሞች ተባብረው የድሮውን መንገድ ለመኪና አሰፉት። «ሩር-ሽኔልቬግ» ተባለ፣ የሩር ፈጣን መንገድ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ ማዕረጉ ከፍ ብሎ አውቶባን 40 ሆኗል። ጠዋትና ማታ ግን መጨናነቁ ለጉድ ነው። ስለዚህ ሰዉ «ሩር-ሽላይሽቬግ» ብሎ ስም አወጣለት፤ የመንፏቀቂያ መንገድ እንደማለት።

የዚህ መንገድ በጣም ቆንጆው ቀን ሐምሌ 18 ቀን 2010 ነው ብል አልተጋነነም። የሩር አካባቢ የአውሮፓ የባህል መዲና የሆነበት ዓመት ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። ከዱይስቡርግ እስከ ዶርትሙንድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ለመኪና ተዘጋ። በአንደኛው አቅጣጫ 20 ሺህ ጠረጴዛ ተደረደረ። ቤተሰብ፣ ማኅበር፣ የሰፈር መዘምራን፣ ሁሉም ምግቡን ይዞ መጣ። በሌላው አቅጣጫ እንደ ብስክሌት ያለ ሞተር የሌለው ነገር ተፈቀደ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ። በየቀኑ ክላክስ እያጮኸ ሲራገም የሚውልበት አስፋልት ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ቡና ጠጣ።

ዶርትሙንድ ስትደርሱ ቢጫው ሰሌዳ ይመለሳል። ኳስ የምትወዱ ሰዎች ይህንን ቦታ በቴሌቪዥን ሳታውቁት አትቀሩም። ከ81 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው የቦሩስያ ዶርትሙንድ ስታዲየም ከቁጥር 1 አጠገብ ነው ያለው። ጨዋታ ባለበት ቀን መንገዱ በቢጫና ጥቁር ማሊያ ይሞላል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይረጋጋል። ዞስትና ፓደርቦርን ያልፋሉ። ሃመልን ትመጣለች፤ 1284 ላይ አንድ ዋሽንት ነፊ 130 ልጆችን አስከትሎ ወሰደ የሚባልላት ከተማ። ቀጥሎ ሂልደስሃይም። እዚህ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። በካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያደገ የጽጌረዳ ተክል አለ። ሺህ ዓመት ሆኖታል ይላሉ። መጋቢት 22 ቀን 1945 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ካቴድራሉ ፈረሰ፣ ተክሉም ተቃጠለ። ሥሩ ግን ፍርስራሹ ሥር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ቀንበጥ አወጣ።

ብራውንሽቫይግን አልፋችሁ ሄልምሽቴት ስትደርሱ ለ40 ዓመታት ያህል አገሪቱ ለሁለት የተከፈለችበት ቦታ ላይ ናችሁ። ጀርመን ለሁለት ስትከፈል ቁጥር 1ም ለሁለት ተከፈለ። ምዕራቡ «ቤ 1» ነበር፣ ምሥራቁ «ኤፍ 1»። በሄልምሽቴትና ሞርስሌበን በምትባል መንደር መካከል አስፋልቱ በድንበር አጥር ተቋረጠ። ወደ ምዕራብ በርሊን የሚሄድ ሰው በአቅራቢያው ባለው አውቶባን በማሪንቦርን ኬላ አድርጎ ማለፍ ነበረበት። ሰዓታት የሚፈጅ ፍተሻ ነበር። ኬላው ዛሬ መታሰቢያ ሆኗል። አሮጌው መንገድ ደግሞ ተከፍቷል፤ መኪናው ሳይቆም ያልፋል።

ድልድዩና ቤተ መንግሥቱ

ማግደቡርግ ላይ ኤልበ ወንዝን ትሻገራላችሁ። ከዚያ ብራንደንቡርግ፣ ከዚያ ፖትስዳም። ከፖትስዳም በርሊን ለመግባት ሃፈል ወንዝ ላይ ያለውን የግሊኒከ ድልድይ ማለፍ ግድ ነው። ብረት ድልድይ ነው፣ 1907 ላይ የተሠራ። በጦርነቱ መጨረሻ ፈርሶ ነበር፤ 1949 ላይ ተጠግኖ ተከፈተ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት «የአንድነት ድልድይ» ብሎ ሰየመው። ብዙም ሳይቆይ ግን ተራው ሰው እንዳያልፍበት ተዘጋ። መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ነበር። ከመስመሩ ወዲያ ፖትስዳም፣ ወዲህ ምዕራብ በርሊን።

ሰው የማያልፍበት ድልድይ እስረኛ መለዋወጫ ሆነ። የካቲት 10 ቀን 1962 ሶቪየቶች አውሮፕላኑን መትተው የጣሉበትን አሜሪካዊ አብራሪ ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስን አመጡ። አሜሪካኖች ደግሞ ሩዶልፍ አቤል በሚል ስም ኒውዮርክ ሲሰልል የተያዘውን ሰው። እኩል ተራመዱ፣ እኩል ተሻገሩ። 1985 ላይ ሁለተኛ ልውውጥ ተደረገ። ሦስተኛው የካቲት 11 ቀን 1986 ነበር። በዚያን ቀን ከተሻገሩት አንዱ ናታን ሻራንስኪ ነው፤ ያኔ አናቶሊ ይባል ነበር። ወደ እስራኤል ልሂድ በማለቱ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ዓመታት የታሰረ ሰው ነው። በዕለቱ እስራኤል ገባ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ስሙን ከዚህ ታሪክ ውጭም ያውቁታል። ከ2009 እስከ 2018 ቤተ እስራኤላውያንን ወደ አገሪቱ ያመጣውን የሶኽኑት (የአይሁድ ኤጀንሲ) ድርጅት የመራው እሱ ነው።

ድልድዩ የበርሊን ግንብ በተከፈተ በማግስቱ፣ ኅዳር 10 ቀን 1989 ምሽት ላይ ለሕዝብ ተከፈተ።

አሁን ቃል የገባሁት ቤት ላይ ደረስን። ከድልድዩ በእግር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄዳችሁ ሴሲሊየንሆፍ የሚባል ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ። ከሐምሌ 17 እስከ ነሐሴ 2 ቀን 1945 ስታሊን፣ ትሩማንና ቸርችል (በኋላ በአትሊ የተተካው) የተቀመጡት እዚያ ነው። ከኦደርና ከናይሰ ወንዞች ምሥራቅ ያለው መሬት በፖላንድ አስተዳደር ሥር ይሁን፣ ኮኒግስበርግና አካባቢው ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሂድ ተባለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ቁጥር 1 ማንም ምንም እንዳላለ እገምታለሁ። የተሳለው መስመር ግን መንገዱን ኦደር ላይ ቆረጠው። የተባበረችው ጀርመን ይህንን ድንበር ከፖላንድ ጋር በውል ያጸናችው ኅዳር 1990 ላይ ነው።

በርሊን ውስጥ መንገዱ ስሙን እየቀያየረ ይሄዳል። ፖትስዳመር ፕላትስ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ከአውሮፓ በትራፊክ እጅግ ከተጨናነቁ አደባባዮች አንዱ ነበር፤ 1924 ላይ የትራፊክ መብራት ማማ የቆመለት። ከ1961 በኋላ ግንቡ መሃሉን ሰንጥቆት ባዶ ሜዳ ሆነ። ከአሌክሳንደርፕላትስ ወዲያ ደግሞ ካርል ማርክስ ጎዳና ይጀምራል። እስከ 1961 ድረስ የስታሊን ጎዳና ይባል ነበር። ግራና ቀኙ ለሠራተኛው ቤተ መንግሥት እንሥራለት ተብሎ የተገነቡ ግዙፍ አፓርታማዎች ናቸው። ሰኔ 16 ቀን 1953 ግን እነዚያን ቤቶች የሚሠሩት ግንበኞች ራሳቸው መዶሻቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ደመወዝ ብዙ ሥሩ ስለተባሉ ነው። በማግስቱ ዓመፁ መላ ምሥራቅ ጀርመንን አዳረሰ። የሶቪየት ታንኮች ወጥተው በኃይል አቆሙት።

እስከ ወንዙ

ከበርሊን ምሥራቅ ያለው ክፍል ጸጥ ያለ ነው። እርሻ፣ ጥድ፣ ትንንሽ ከተሞች። ከዚያ ዜሎ የምትባል ከተማ ላይ መሬቱ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ከፊታችሁ እስከ ኦደር ድረስ ዝርግ ሜዳ ይታያል። ሚያዝያ 16 ቀን 1945 ከንጋቱ በፊት የሶቪየቱ ማርሻል ዡኮቭ ጦር ወደ በርሊን የመጨረሻውን ማጥቃት የጀመረው ከዚያ ሜዳ ነው። ዋናው ግፊት የተደረገው በራይክስሽትራሰ 1 አቅጣጫ ነበር፤ ወደ በርሊን ቀጥ ብሎ የሚወስደው መንገድ እሱ ስለሆነ። ጀርመኖቹ ከላይ፣ ሶቪየቶቹ ከታች ጭቃ ውስጥ። ከፍታው እስኪያዝ ቀናት ፈጀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። ዜሎ ላይ ከመንገዱ ዳር መታሰቢያ አለ፤ የወታደሮቹ መቃብርም እዚያው ነው። ገበሬዎች ዛሬም ሲያርሱ አጥንትና ጥይት ያገኛሉ።

የመጨረሻዋ የጀርመን መንደር ኩስትሪን-ኪትስ ትባላለች። ድልድዩን ስትሻገሩ የጥንቷ ኩስትሪን ትመጣለች፤ ዛሬ በፖላንድኛ ኮስትሺን። የምሽግ ከተማ ነበረች። 1730 ላይ ልዑል ፍሪድሪክ (በኋላ ታላቁ ፍሪድሪክ የተባለው) ከአባቱ ሊያመልጥ ሲል ተይዞ የታሰረው እዚህ ነው። ሲያመልጥ የረዳው ጓደኛው ሃንስ ሄርማን ፎን ካተ ኅዳር 6 ቀን እዚሁ አንገቱ ተቀላ። ልዑሉ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር።

በምሽጉ ውስጥ የነበረው አሮጌው ከተማ 1945 መጀመሪያ ላይ ወደመ። መልሶ የሠራው የለም። ዛሬ ብትሄዱ የመንገዶቹ ድንጋይ አለ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አለ፣ የቤቶቹ ደረጃዎች አሉ። ደረጃውን ስትወጡ ግን ቤት የለም፤ ሣርና ዛፍ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ወቅት የቁጥር 1 ተጓዥ ቆም ብሎ ምሳ የሚበላበት ከተማ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ያለው መንገድ ለሕዝብ ዝግ ነበር። በወንዙ መካከል ያለው ደሴት የሶቪየት ጦር ሰፈር ሆኖ ቆየ። የድንበር መሻገሪያው የተከፈተው 1992 ላይ ነው። ታኅሣሥ 2007 ፖላንድ ሸንገን የሚባለውን የድንበር ፍተሻ የቀረበት የአውሮፓ ቀጣና ስትገባ ደግሞ ፓስፖርት ማሳየቱም ቀርቶ ነበር፤ 2023 ላይ ግን ጀርመን የድንበር ፍተሻውን እንደገና ጀመረች።

ድልድዩን ስትጨርሱ የመንገዱ ቁጥር 22 ይሆናል፤ የፖላንድ ብሔራዊ መንገድ ነው። አብዛኛው የራይክስሽትራሰ 1ን አሮጌ መስመር ይዞ ይሄዳል። በጎጁፍ፣ በቫውች፣ በሆይኒትሴ አድርጎ ወደ ማልቦርክ ትልቁ የጡብ ግንብ፣ ከዚያ ወደ ኤልብሎንግ። ከዚያ ወዲያ የሩስያ ድንበር ይመጣል። ኮኒግስበርግ ዛሬ ካሊኒንግራድ ናት። መንገዱ የሚያበቃባት የነበረችው አይድትኩነን ደግሞ ቼርኒሼቭስኮየ የምትባል የሩስያ መንደር ሆናለች። ከመንደሯ አልፎ ያለው ድንበር ግን አሁንም ያው የሊቱዌኒያ ድንበር ነው።